ሃያ ሁለት በመቶ

ዛሬም ኤውቲኪዮ ቫልዴሞራ ግድብ ቀርቦ፣
የውሃውን ቁጥር፣ ዐይኑን አጥብቦ፣
ያነባል፦ «ሃያ ሁለት»። ትናንት ሃያ ሦስት ነበር።
በእርሳስ ይጽፈዋል፣ እንደሚቆጥር የሰው ብር።
አንዷን ማን ጠጣት? ፀሐይ? ወይራው? የሴቪያ ሆቴል?
ግድቡ አይናገርም፤ ደብተሩም ምን ይል።

የጀልባ መውረጃው ኮንክሪት አልቆበት
ጭቃ ላይ ቆሟል፣ ውሃው ርቆበት።
«ጥልቅ ነው! መዝለል ክልክል!» ይላል ሰሌዳው፤
ፍየል ከሥሩ ተኝታለች፣ የሷ አይደለም ዕዳው።

ረሜዲዮስ ደግሞ፣ ጀልባ አከራዪቷ፣
ስድስት የፕላስቲክ ዳክዬ ነው ሀብቷ፤
አፈር ላይ ተኮልኩለው፣ ቀለማቸው ለቆ፣
ፔዳላቸው መሐል የውሃ ሣር ደርቆ።
ቅዳሜ ሲመጣ ትወለውላለች፤
ለልጆች በግማሽ ዋጋ ታከራያለች።
ይቀዝፋሉ እነሱ፣ አቧራ ላይ፣ በሣቅ፣
ማንም ሳይሰምጥ፣ ማንም ሳይርቅ።

ትናንት ግን ከጭቃው መቅዘፊያ ብቅ አለ፤
«ሸጠኸዋል» ተብሎ፣ ገና ልጅ ሳለ፣
የተገረፈበት፣ «ውሃ ወሰደው» እያለ።
አጠበው። ለማን ያሳየው? አባቱ የለ።

ከሃያ ሁለቱ ጎን፣ በ«አስተያየት» ዓምድ፣
በትንንሽ ፊደል ጻፈ፦
«መቅዘፊያ፣ አንድ።»