ሦስት ጊዜ በማንኪያ

ራት ተበልቶ፥ ትሪው ታጥቦ፥ ፍርፋሪው ተጠርጎ፥
ጦሳ እንደ ሽማግሌ ጉሙን ጋቢ አድርጎ፥
ሆጤ መንደር ጸጥ ሲል፥ እኔ በሬን ዘግቼ
ግድግዳውን አዳምጣለሁ ቀበቶዬን ፈትቼ።
ሦስት ጊዜ በማንኪያ፦
ኳ፤
ኳ፤
ኳ።
"ደርሷል" ማለት ነው። ሌላ ትርጉም የለውም።
እሷ አትጣራም፥ እኔም አልዘገይም።

ሃያ ሁለት ዓመት አይሱዙ ነዳሁ፤
ሐረጎን በጨለማ በጆሮዬ ለየሁ፤
የቱ ኩርባ ላይ ፍሬን እንደሚሸት፥
የቱ ጋ ጉም እንደሚተኛ አስፋልቱ ላይ ሌሊት።
ኮምቦልቻ ላይ ጥብስ፥ ኩታበር ላይ አዋዜ፥
ባቲ ላይ ቆሜ የዋጥኩት፥ ሁሉም ያለ ጊዜ።
ኋላ አንጀቴ ራሱ ሐረጎን ሆነና
እህል በየኩርባው ቆመ እንደ መኪና፤
ቁልቁል አይወርድ፥ ሽቅብ አይመለስ፥
ጥሩንባው ብቻ ነው ሌሊቱን ሲያለቅስ።

ሐኪም ኪኒን ጻፈ። ዋጥኩት። ለውጥ የለም።
እትዬ ሉባባ፥ ቤቱን ያከራየችኝ፥
አንድ ምሽት ደጅ ላይ ጎብጬ አየችኝ።
"ሆድህ ነው?" አለች።
"ነው" አልኳት።
በሯን ዘጋች። ተጸየፈችኝ ብዬ ስገባ
ግድግዳው ተንኳኳ።

ሰኞ ገበያ ከቦሩ የምትወርድ ሴት አለች፤
ጦስኟን በእፍኝ ሰፍራ፥ አንድ ጭብጥ ትመርቃለች።
ሉባባ በመዳፏ አሽታ ታሸተዋለች፤
"ይኼ የአምና ነው" ትልና ትመልሰዋለች፤
ዞራ መጥታ ደግሞ ትገዛዋለች።
ውሃው ፈልቶ ከወረደ ወዲያ ነው የምትነሰንሰው፤
የተፈነከተ ዝንጅብል፥ አንዲት የኮረሪማ ፍሬ።
"እሳት ላይ ከረሳኸው ይመርሃል" ትላለች።
ሳህን ደፍታበት እስከ አሥር ትቆጥራለች፥
ሰባት ላይ ሲሰለቻት ትከፍተዋለች።

ሁለት በር፥ አንድ ደፍ። እሷ በሷ፥ እኔ በኔ።
ከሥራችን የቧንቧ ውሃ አምፖሎች
እንደ ተበተነ ሽንብራ።
እንፋሎቱ መነጽሯን ሲሸፍነው አትጠርገውም፤
"ምን ላይ ብዬ? ከጉም በቀር የሚታይ የለም።"
ሁለተኛው ጉንጭ ላይ ሆዴ ከሥሩ ይላወሳል፤
የቆመው መኪና ማርሽ ያስገባል፤
ሳላስበው አገሳለሁ፥ አፌን እይዛለሁ።
"አልሐምዱሊላህ በል!"
"ተመስገን" እላለሁ።
"ያው ነው" ትላለች፥ "ዋናው መውረዱ።"

ያለፈው ሐሙስ ግን ግድግዳው ዝም አለ።
ሁለት ሰዓት ሆነ፤ ሦስት ሰዓት አለፈ፤
ሳል ብቻ ሰማሁ፥ ደረቅ፥ ቁርጥ ቁርጥ ያለ።
ተነሣሁ። መስኮቱ ላይ ጦስኝ ነበረኝ፥ እሷው የሰጠችኝ፤
ከነውሃው ጣድኩት፤ ሐሳብ ይዞኝ ሄደ፥
ስመለስ ጠቁሯል።
ማንኪያ አጣሁ። ግድግዳዋን በመፍቻ መታሁት፥
ሦስት ጊዜ፤ ምርጊቱ ረገፈብኝ።
ከፈተች፥ ራሷን በሻሽ አስራ፥ ዓይኗ ትኩሳት ለብሶ።
ፉት አለች።
ፊቷ እንደ ከረመ ሎሚ ተጨማደደ።
"አንዳርጌ፥ ጦስኝ ነው ወይስ የሞተርህ ዘይት?"
ብርጭቆውን ግን አልመለሰችልኝም፤
አተላውን ሳይቀር፥ እዚያው ቆማ፥ ጨለጠችው።

ትናንት ራት ተበልቶ፥ ትሪው ሳይታጠብ ገና፥
ግድግዳው ተንኳኳ፥ እንደ ድሮው፥ በማንኪያ፦
ኳ፤
ኳ፤
ኳ፤
ትንሽ ቆይቶ ደግሞ
ኳ።
አራተኛው ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅኳትም።
ጫማዬን ሳላደርግ ወጣሁ።