የሻጋታ ድርሻ

የቆርቆሮው ክዳን ሲላቀቅ በግድ
አቼቶ ሸተተኝ። ፊልም ሲናድ
እንዲህ ነው ጠረኑ፦ የጎመዘዘ እርጅና።
በአክራ ምድር ቤት፣ መብራት ሄዶ እንደገና
እስኪመጣ ድረስ፣ ጓንቴን አጥልቄ
እጠብቃለሁ፤ ሳልነካው፣ ርቄ።

ጥቅል አሥራ አራት። መለያው ላይ፣ በቀለም፣
“ሃምሳ አንድ፣ ሚያዝያ”፤ ሌላ ነገር የለም።
አውሮፕላኑ በረረ፣ ዳር ዳሩን ይዞ፤
ካሜራው በሆዱ፣ ቁልቁል አፍጥጦ፣ ተክዞ፣
በየሃያ ሰከንዱ አንዴ እየጠቀሰ
እስከ ቮልታ አፍ ድረስ በአሸዋው ላይ ገሰገሰ።
ቀና ብሎ ያየው ይኖር ይሆን ያን ዕለት?
መረብ ለሚጎትት ሰማይ ምኑም አይደለት።

አቧራውን በግመል ጠጉር ብሩሽ እጠርጋለሁ፤
ስፒሪት በነካ ጥጥ ጠርዙን እዳብሳለሁ፤
መስተዋቱ ላይ አጋድሜ ክዳኑን እመልሳለሁ።
ኮምፒውተሩ ሲገለብጠው ጥቁሩ ነጭ ሆኖ
አሸዋው ብቅ አለ፣ እንደ ጨው ተበትኖ።

ሎቱኮፔ ነበረች። ዛሬ የለችም በካርታ፤
ካርታ ሠሪው ሰማያዊ ቀባባት፣ በዝምታ።
እዚህ ግን ቆማለች፦ የኮኮነት ዛፍ ጥላ
እንደ ሸረሪት እግር፣ ጀልባ በጀልባ ኋላ፣
የሽንኩርት መደቦች፣ ሰልፋቸው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ፣
ከሐይቁ ተነሥተው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ።

ግን በግራ በኩል፣ ባሕሩ በሚጠጋበት፣
ሻጋታ ገብቷል። ስንት ዓመት ዝናብ ሲያፈስበት
ጣራው ዝም ብሎ፣ ፊልሙ ከጠርዝ ጀምሮ
ተግጧል፤ ነጭ ሆኗል፤ መንደር ነበር ድሮ።
ከየት ወገን እንደጀመረ ልብ በሉ፤
ባሕሩም ከዚያው ነው የገባው ይላሉ።

ፕሮግራሙ ቸር ነው። “ልሙላው?” ይለኛል።
ከጎን ጣራ ቀድቶ ቤት ይሠራልኛል፤
ያልተተከለ ዛፍ፣ ያላረፈ ጥላ፣
አጥር ከነደጃፉ፣ በአንድ ጠቅታ ይሞላ።
ማንም አይለየውም፤ ሳምንት ሳይሞላ
እኔም አልለየው።

ሐሙስ መጣ አግቤኮ፤ ሰማንያን ያለፈው፣
ደረጃውን በጎኑ አንድ በአንድ እየገፋው።
ወንበር ሰጠሁት። እንቢ አለ። ቆሞ አየ።
ጣቱ ከሽንኩርቱ ተነሥቶ መንገዱን ለየ፣
ቤተ ክርስቲያኑን አልፎ፣ በጉድጓዱ ዞሮ፣
ነጩ ላይ ሲደርስ ቆመ፣ ተቸግሮ።
“እዚህ ጋ ነው” አለኝ፤ “የእናቴ ቤት። በሩ
ወደ ሐይቁ ነበር፤ ጀርባው ለባሕሩ።
ሁለት ክፍል። ዓሣ ማጨሻው በስተቀኝ።
ሥሪው እስቲ፣ ሴናም፤ ግዴለም፣ አታስለምኚኝ።”

“አልችልም” አልኩት፤ “ያላየሁትን አልሥልም፤
እዚህ ጋ ፊልሙ አያውቅም።” “እኔ አውቃለሁ! ፊልም
ሊመሰክር ነው እንዴ፣ እኔ ቆሜ ሳለሁ?
ተወለድኩበት እኮ! ለማን እነግራለሁ?”

መብራት ሄደ። ስክሪኑ ከነመንደሩ ጠፋ።
እሱ ግን በጨለማው ቀጠለ፣ ድምፁ እየሰፋ፦
“እዚህ ማድጋ ነበር፤ እዚህ የታላቄ አልጋ፤
በክረምት ባሕሩ ግድግዳው ሥር ሲጠጋ
እናቴ በመጥረጊያ ትመታው ነበር፣ እንደ ውሻ።”
ጻፍኩ፣ በስልኬ ብርሃን፣ በመዝገቡ መጨረሻ፦
“ሥዕል ሦስት መቶ አሥራ ሰባት። ግራ ጠርዝ። አልተሞላም።
አግቤኮ እንዳለው፦ ቤት። ባሕሩ ውሻ። ሌላም።”

“ጀልባ ነበረን” አለ፤ “ደጃፉ ላይ የተገለበጠ፤
ስሙ በቀይ ቀለም…” እጁ ተንቀጠቀጠ።
ጠበቅኩት። ስንት መኪና ከላይ በመንገዱ አልፏል።
“‘ትዕግሥት’ ይሆን?” አልኩት፤ “ብዙ ጀልባ ላይ ተጽፏል።”
“አይደለም!” አለኝ፣ ተቆጥቶ። “እንዳትጽፊ።
ባዶውን ተዪውና ወደ ሌላው እለፊ።”

መብራት መጣ። ስካነሩ ማጉረምረም ጀመረ።
ሥዕል ሦስት መቶ አሥራ ስምንት፦ ባሕር ብቻ ነበረ።