የማይገጥም በር

ስክሪኑ ላይ ያየነው ጉም የመሰለ ነገር ሲርገበገብ ነው፤
ምንም አልገባንም።
ሐኪሙ ወረቀቱን ገልብጦ ከጀርባው ሣለልን፣
በቀይ እስክሪብቶ፣
አራት ክፍል ያለው አንድ ጠባብ ቤት፤
«የግራው፣ የላዩ፣ ከልኩ አልፏል፤ ግድግዳው ተለጥጦ፣ ሰፍቶ።
ይኼ መሐል ያለው በር
ሲዘጋ አይገጥምም፤ የተገፋው ደም
ይመለሳል ሾልኮ፤
ልብ ያንኑ ደም ደግሞ ይገፋል፤
ክፍሉን የሚያሰፋው እሱ ነው እኮ።»

እኔ በር ሠሪ ነኝ። ፍራንኮ ግድም፣ ከጎሚስታው ጎን፣
ሃያ ሁለት ዓመት ብረት በየድኩ፤
የአዳማን አቧራ በላሜራ ከለከልኩ።
ማጠፊያው የላላ፣ ጠርዙ የጠመመ፣
አንዴ ሲጢጥ ሲል እለየዋለሁ፣ የት እንደታመመ።
ስለዚህ «ገባኝ» አልኩ።
እጄን ፈለግሁት፤ ኪሴ ውስጥ ነበረ፣
ምንም ሳይሠራ ቡጢ ሆኖ የቀረ።

ኦብሴ ግን ሳቀች።
እህቴ ናት። ያኔ፣ በስድስት ዓመቴ፣
በአሥራ አራት ዓመቷ የሆነች እናቴ።
«ልብሽ ሰፊ ነው ለመባል ነው ይኼን ሁሉ ብር የከፈልን?
ሰፈሩ ያውቀው የለ?»
ሐኪሙም ፈገግ አለ፤
ወዲያው ግን ተወው።
እዚህ ቤት ልበ ሰፊ ማለት ሌላ ነው ፍቺው፤
ብዙ የቻለ ልብ መቻል ሲያቅተው
የሚይዘው መልክ ነው።

«ልጅ ሆነሽ ጉሮሮሽን ታመሽ ነበር? መገጣጠሚያሽ አብጦ?»
ዝም አለች።
«አንድ ክረምት። ቶንሲል ነው አሉ። ከዚያ ጉልበቴ፣
ከዚያ ክርኔ፣ እየዞረ፤
ሐኪም ቤት ብሄድ ይኼን ማን ይይዘው ነበረ?»
ይኼ የተባልኩት እኔ ነኝ።

በየሃያ ስምንት ቀኑ መርፌ። እግሯ እንዳያብጥ ኪኒን።
ጨው መቀነስ። ለቀዶ ጥገና ወረፋ።
ባጃጅ ውስጥ ሥዕሉን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አየችው፣
«ኪራይ ቢገባበት» አለች፣ «ይኼ ትልቁ ክፍል!»
አልሳቅሁም።

ማታ ከቦኩ በኩል ንፋስ ተነሣ። የእኛ ቤት በር፣
የበር ሠሪው በር፣
አሥር ዓመት ሙሉ «ነገ» ስለው የኖረ፣
ጓ፣ ጓ ይል ጀመረ።
ካርቶን አጥፌ ከሥሩ ሸጎጥኩ።
እሷ ሦስት ትራስ ተደግፋ ነው አሁን የምትተኛ፤
ጆሮዬን ከጀርባዋ አስጠጋሁ፣ ቀስ ብዬ፣ እንደ ሌሊት ዘበኛ።
ዱብ፣ ሽው። ዱብ፣ ሽው።
የንፋሱ የቱ እንደሆነ፣ የእሷ የቱ እንደሆነ
መለየት አቃተኝ።
«ሰማኸው?» አለችኝ።
«ነገ እሠራዋለሁ» አልኳት፣ «በሩን።»

«የቱን?»