የሩቅያ ማጭድ

በጣና ዳር ያሉ ታንኳ አሳሪ ሁሉ፣
ሌሊት ደንገል ሲያጥፉ ይህንን ይላሉ።
እኔ አላየሁትም፤ የነገረኝ አጎቴ፣
ግማሹ ውሸቱ ነው፣ ግማሹ እምነቴ።

ያኔ ባሕር ዳር ላይ ከተማ ሳይሠራ፣
ዘንባባው ሳይተከል፣ መንገዱ ሳይጠራ፣
አንድ ንጉሥ ነበር ደቅ ደሴት ላይ ያለ፣
አሣ የሚያስገብር፣ በማዕበል የማለ።

አንድ ቀን ወሬ መጣ፦ ዓባይ ከአፉ ደርቋል፣
ከጨረጨራ በላይ ዘንዶ ተጋድሟል፤
ጅራቱ ዘጌ ዳር፣ ሆዱ ከክብራን ሥር፣
ጉሮሮውን ጥሏል ከወንዙ መውጫ በር።

አዋጅ ተነገረ፦ «ራሱን ለቆረጠ፣
ግማሽ መንግሥታችን ለእሱ ተሰጠ!»
ዘመቱ ጎበዞች ጋሻ አንጠልጥለው፣
ተመለሱ ማታ ጋሻቸውን ጥለው።
አንዱ ስለ እሳቱ ሲናገር ይምላል፣
አንዱ ዝም ብሎ ቅንድቡን ይፈልጋል።

ሩቅያ ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመቷ፣
ደንገል ማጨድ ነበር ከእናቷ ትምህርቷ።
«ሩቅ-ያ፣ መቼ ራቅሽ?» ይሏታል እኩዮቿ፣
ከደንገሉ ማዶ አልፈው አያውቁም እግሮቿ።

በዚያች ሌሊት ግን ውሃው ሲያቃስት ሰምታ፣
(ሌላው ነጎድጓድ ነው ብሎ ሲተኛ ማታ)
ማጭዷን ሻጥ አርጋ፣ ሁለት ቀረሶ ቋጥራ፣
ሄደች።
ታንኳዋ ታውቃለች የጉማሬን ተራ።

ዘንዶው ዓይኑን ሲከፍት ባሕሩ ጎህ ቀደደ፣
የሩቅያ መቅዘፊያ ከእጇ ላይ ከበደ።
«ደግሞ አንቺ መጣሽ?» አላት፣ «ወርውሪያ ጦርሽን፣
ልተኛበት ቶሎ፣ አትፍጂ ጊዜሽን።»
«ጦር የለኝም» አለች፣ «ማቃሰትህ ጠራኝ፤
ምንህን ነው የሚያምህ? ሳትነድ ንገረኝ።»

ዝም አለ። ሦስት መቶ ዓመት ኖሮ በጥልቁ፣
«ምንህን?» ማለትን ሰዎች መች ሲያውቁ።
ከዚያም አንገቱን ቀና አርጎ አሳያት፣
ሐምራዊ አበባ የተንዠረገገበት፣
ሥር ሥርን የወለደ አረንጓዴ ገመድ፣
ሲጠብቅ፣ ሲጠብቅ፣ ልክ እንደ ዘመድ።
«ወንዙን አልዘጋሁም፤ እኔም ታንቄ ነው፣
እሳቴ ቢነካው እርጥብ ነው፣ አይዘው።»

ሰባት ሌሊት አጨደች።
(ሰባት ነው ያለኝ አጎቴ፤ ደስ ሲለው ዘጠኝ ያደርጋታል።)
ማጭዱ ዶለዶመ፣ መዳፏ ተላጠ፣
ዘንዶው አንዱን ቀረሶ ለሷ ጠብሶ፣ አንዱን ራሱ ዋጠ።
ስታጭድ ታወራለች፦ ስለ እናቷ ሳል፣
ስለ ጎረቤቷ ደንገል በል ፍየል።
እሱም ይተርካል፣ ጣና ሳይወለድ፣
አያቱ እሳት ሆና ከመሬት ስትነድ።

በስምንተኛው ንጋት አንገቱ ተፈታ፣
ዓባይ እያገሣ ወረደ ባንድ አፍታ።
«ምን ልክፈልሽ?» አላት፣ ክንፉን እያራገፈ።
«ስሜን አሳየኝ» አለች።
ገባው። ይዟት ከነፈ።

ክብራን አንዲት ዶቃ፣ እንጦንስ አንድ ጥሬ፣
ታንኳዋ ስንጥር፣ ቁንጫ ጉማሬ።
ታች ጢስ ዓባይ ሲተን፦ «እናቴ እዚያ ነች፣
ዛሬም ትተነፍሳለች» አላት፣ «አልሞተች።»
ከዚያ ወደ ሰሜን ዓይኗን ስትመልስ፣
አየችው።
ራስ የለው፣ ዳር የለው፣ ሲንፏቀቅ ሳይተነፍስ፣
አበባ ለብሶ የሚመጣ ሌላ ዘንዶ፣
ባሕሩን የሚውጥ ከማዶ እስከ ማዶ።

«ራሱን አምጪ!» አላት ንጉሡ ተቆጥቶ፣
አበባ አኖረች እፊቱ፣ ሥሩ ውሃ ተፍቶ።
ሳቀ። ቤቱ ሳቀ። ንግሥት አበባውን ወስዳ፣
«ያምራል!» ብላ ሰካችው ጠጕሯ ላይ፣ እንደ ጽጌረዳ።

ሩቅያ ግማሽ መንግሥት አልጠየቀችም።
«ማጭድ ስጠኝ» አለች፣ «አርባ። የኔ አልቋል ጥርሱ።»
አልሰጣትም።

በነጋታው «መቼ ራቅሽ?» ያለቻት ልጅ መጣች፣
የወንድሟን ማጭድ ከጣሪያው ሰርቃለች።
ከኋላቸው ዘንዶው፣ የታጨደውን ጎትቶ
ወደ ዳር ያወጣል፣ ጥርሱ መሃል ከቶ።

እዚህ ላይ አጎቴ ወሬውን ያቆማል።
«ከዚያስ?» ስለው፣ የታንኳውን ቋጠሮ ያጠብቃል፣
ወደ ውሃው ያያል፤
ሐምራዊው ከትናንቱ ክንድ ያህል ቀርቧል።

ማጭዱ ያለው በኔ በኩል ነው።