በፈረሱ ስም

ሂርማታ፣ ከገበያው ጀርባ፣ ካባቴ የእንጨት ቤት፣
መብራት ጠፍቶ፣ ቆርቆሮውን ዝናብ ሲወርድበት፣
አራት ሆነን ከበናል ያልተላገች አንዲት ጣውላ፤
ስልክ አብርተን አቁመናል ከሃይላንድ ውሃ ኋላ።

ዳይሱ የዋንዛ ነው፣ አባቴ ነው የጠረበው፣
"ሃያ ፊት አውጣልኝ" ስለው እንደ ቀልድ የቆጠረው።
አንዱ ፊቱ ሰፋ ብሎ ሰባት ላይ ማረፍ ይወዳል፤
ረምዚ "ይሄ ሌባ ነው" ይላል፣ ተራው ሲደርስ ግን ይጥለዋል።

ዛሬ ጦረኛ የማመጣው እኔ ነኝ፣ ተራዬ ደርሷል ተብያለሁ።
ብረት ለብሶ ዘንዶ የሚወጋውን ጠግቤዋለሁ።
አባ ቦራን አመጣለሁ፣
አባቴ መላጊያውን እየገፋ የሚያወራውን፣
በክረምት ጊቤን በፈረስ ሦስቴ የተሻገረውን፣
ጎሽ በቀንዱ ይዞ ከገደል አፋፍ የመለሰውን፣
የጦሩ ዘንግ በተሰካበት ቀርቶ ቅጠል አወጣ የሚባለውን።

ወረቀቱን ዘረጋሁ። ጉልበት፦ አሥራ ስምንት።
ብሩክታዊት ጮኸች፦ "ይበዛል!"
"ጎሽ እኮ ነው የያዘው!"
"ጥጃ ቢሆንስ? ማን አየው?"
ተከራከርን፣ ተከራከርን፣ አሥራ ሰባት።
ቅልጥፍና፦ እንደ ነገሩ። ረጅም ነበር አሉ፣
በገባበት ቤት ሁሉ ግንባሩን ጉበን ይመታው ነበር አሉ።
ብልሃቱን አባቴን ጠየቅሁት። "ብልህስ አልነበረም" አለ፣
"ብልህ ሰው በሐምሌ ጊቤ አይገባም።"
ስምንት ጻፍኩ።

ፍርሃት የሚል ሳጥን የለም። ከዳር ጨመርኩ በእርሳስ፤
ንብ ይፈራ ነበርና፣ ማር ሲቆረጥ የሚሸሽ በፈረስ።

ቀረ ከላይ ያለው፣ የመጀመሪያው፣ ስም።
"አባ ቦራ" ብዬ ጻፍኩ። ቶሌራ አላስቀመጠኝም።
"ቦራ እኮ ፈረሱ ነው፤ የቦራ ጌታ ማለት ነው።
እናቱ ያወጣችለት የታለ? የሰውየው የቱ ነው?"
ማን ያውቃል! ጅሬን ያሉ ሽማግሌዎች እንኳ
ከፈረሱ ስም አያልፉም።
ይሁን ብለን ፈረሱንም ከወረቀቱ ጀርባ መዘገብነው፦
አመድማ። ፍጥነት፣ አሥራ ዘጠኝ።
ካንድ ገጽ ጀርባ ሆኖ ጌታውን በቁጥር በለጠው።

ጨዋታው ጀመረ። ወንዙ ሞልቷል፣ ደፍርሷል፤
ማዶ አሞሌ የጫኑ ነጋዴዎች በሽፍታ ታግተዋል።
"እገባለሁ" አልኩ።
ዳይሱን በመዳፌ አሸሁት፣ ዋንዛ ዋንዛ ይሸታል ገና፤
ጣልኩት፤ ተንከባለለ፣ ከፍቅፋቂው መሐል ገባና

አንድ።

ብሩክታዊት ስልኩን አንስታ አበራችበት፣
ምናልባት ተጋድሞ እንደሆን። አልተጋደመም።
በአባቴ አፍ ሦስት ክረምት ያልሰጠመው አመድማ
በኛ ጣውላ ላይ ባንድ ውርወራ ሄደ፣ ኮቴው ሳይሰማ።
ለሰውየው ደግሜ ጣልኩ። ሰባት፣ እንደ ልማዱ።
ወጣ።
ልጓም ብቻ ይዞ።

ዝናቡ ብቻ ነበር የሚያወራው ለጥቂት።
ከዚያ ቶሌራ በቀስታ፣ "አሁን ማን እንበለው?"
ማዶ ያሉትም ይጣራሉ፤ ግን ማን ብለው?

ላጲሴን አንስቼ "ቦራ"ን ፋቅሁ።
ወረቀቱ ሳሳ፣ ሊቀደድ ምንም አልቀረው፤
ከሳጥኑ ውስጥ "አባ" የሚለው ብቻ ተረፈ፣
አጠገቡ የላጲስ ቆሻሻ።

ያኔ ነው ከውጭ፣ ከዝናቡ፣ አንድ ሰው በሩን ያንኳኳ፦
"አባ መኪያ! አባ መኪያ! በርጩማው አለቀልኝ?"
"አቤት!" አለ አባቴ፣
መላጊያውን አስቀምጦ፣ እጁን በሱሪው ጠርጎ፤
"ለነገ። አንድ እግር ይቀረዋል።"

ቀና ብዬ አየሁት፣ በስሜ ሲጠራ አቤት የሚለውን ሰው።
ሳጥኑን እንዳለ ተውኩት።
"ጣይ እንግዲህ" አለኝ ረምዚ።