ገጽ አርባ አንድ

ማክሰኞ ማታ፥ ቫልፓራይሶ፥ ከቁልፍ ሠሪው ሱቅ ሰገነት፣
ሰባት ሆነን ተሰይመናል፥ ባሕሩ ከሥር ሲያስል ካለበት።
የሙዝ ካርቶን ነው ብራናችን፥ ከወደቡ ጓሮ የተለቀመ፣
እኔ ቢላዋ ያዥ ነኝ፤ ሌላው ይሰፋል፥ ሌላው ይቀባል እያዘገመ።

ዛሬ ግን መርፌው ቆሟል፤ ከዋና ከተማው ደብዳቤ መጥቶ፣
የኤደልሚራ እጅ ይዞታል፥ የዓሣ ቅርፊት ጥፍሯ ሥር ቀርቶ።
«ድንቅ ነው» ይላል፥ «እናትማለን፥ ሦስት ሺህ ቅጂ፥ በጥሩ ወረቀት፣
ገጽ አርባ አንድ ብቻ ይውጣ፤ አይመችም ለትምህርት ቤት።»

ገጽ አርባ አንድ ላይ ያለው
የሰርዲን ፋብሪካ ነው፤
ያሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት፤
የአለቃው ስም ከነአባቱ፤
በሩን የዘጋበት ሰዓት።
ሌላ የለም። ቅጽል እንኳ የለበትም።

ረሚሂዮ፥ ጡረተኛው መምህር፥ መነጽሩን ጠረገና፣
«አንድ ገጽ ነው፤ አንድ ጥርስ ተነቅሎ ሰው አይሞትም» አለና፣
«ሦስት ሺህ ዓይን!» ሲል ደገመ። «እኛ ሁለት መቶ ሰፍተን፣
ግማሹን ለዘመድ ሰጥተን፥ ግማሹን ዝናብ በልቶብን።»

ኦታቪያ ጠረጴዛውን መታችው፤ ሙጫው ተገልብጦ ፈሰሰ፦
«ስሙን አውጥተሽ ከሰጠሻቸው፥ ያ ሰው ዳግመኛ ነገሠ!
በዚህ ቤት ማንም ሰው ከማንም አፍ ቃል አይቆርጥም!»
ከማዕዘኑ ሊሳንድሮ ሳቀ። ሳቁ ደስ አይልም።
«አምና ክረምት የኔን ግጥም ‹ብልግና ነው› ያለ ማነው?
እጅ ቆጥሮ፥ ስድስት ለአንድ፥ ከመድበሉ ያስወጣው?»

ዝም አልን። እኔም እጄን አውጥቼ ነበር፤ ርቦኝ፥ ወደ ቤት ቸኩዬ፣
ግጥሙን እስከ መጨረሻው ሳላነብ፥ «ከብዙው ጋር ልሁን» ብዬ።

ኤደልሚራ ብርቱካኗን ልጣ ስትጨርስ፥ አንገቷን ቀና አደረገች፣
«ካንዱ ካርቶን ስንት ሽፋን ይወጣል?» ስትል እኔን ጠየቀች።
«አራት።»
«እንግዲያው ቁረጥ» አለች። «እኔም ቆርጫለሁ ዛሬ።
ሌላው ገጽ ይሂድላቸው፤ ይድረስ ለተማሪ፥ ለገበሬ።
ቁጥሩን ግን አይዝለሉብኝ፤ ባዶውን ይቅር አርባ አንዱ፣
‹ለምን?› ያለ ደረጃችንን ይውጣ፥ ሴቱም ወንዱ።
እዚህ ሰፍተን እንጠብቀዋለን፤
ባለ አንድ ገጽ መጽሐፍ።»

ረሚሂዮ «አይስማሙም» አለ። ምናልባት። መልሱ ገና አልመጣም።
ኦታቪያ «ግማሽ እውነት» ብላ አኩርፋለች፤ እስካሁንም አልተወችም።

እኔ ቢላዬን ሳልኩ። ሦስቱን ሽፋን ለአርባ አንድ አኖርኩ፣
አራተኛውን፥ ማንም ሳያዘኝ፥ ወደ ማዕዘኑ ገፋ አደረግኩ።
ሊሳንድሮ አየው። አልነካውም።
የሙዝ ሥዕል አለበት፥ ግማሹ የተላጠ።
«ይኼ ደግሞ» አለኝ፥ ኪሱን እየዳበሰ፣
«በደንብ እንኳ አልተቆረጠ።»