መጋረጃ ሳቢው

ጉሙ ከጦሳ ወርዶ፣ ሸዋ በርን ውጦ፣
የእንድሪስ ሱቅ ደጃፍ ቆሟል ተለጥጦ፣
ስልኩን እንደሰጠ፣ ተራ እንደሚጠብቅ።
ውስጥ አራት ሰዎች ነን፣ ወንበር ሁለት፣ ሳቅ በሳቅ።

ስፒከሩ ያነክሳል፤ ግራ ጆሮው ሞቷል፣
ቀን የቅናሽ ወሬ ሲለፈልፍ ውሏል።
ማታ ግን የኛ ነው። ማታ ያን አልበም፣
«የዘገየች ሙሽራ»ን፣ ሳንዘል፣ ሳንደክም፣
ከአንድ እስከ አስራ አንድ።
                    ጊታሩ ሲያጓራ፣
ከበሮው እንደ በር ሲደበደብ፣ በተራ
አንዱ ዘፋኝ ብቻውን ሦስት ሰው ሆኖ ይመጣል፦
ሙሽራ ሆኖ ያለቅሳል፣ አባት ሆኖ ይቆጣል፣
ደግሞ መልእክተኛ፣ ትንፋሹ የተቆረጠ፣
«መንገድ ላይ ናት!» እያለ ውሸት ያስረገጠ።

ይመር አይወደውም። (ሁሌ ግን ይመጣል፣
ማንም ሳይቀድመው በርጩማውን ይይዛል።)
«ይሄ ሮክ አይደለም፣ ትያትር ነው» ይላል፣
«ዘፋኝ ከዘፈነ ዘፈኑ ይበቃል።
ምን አስለበሰው ቬሎ? ሳሉስ ለምኑ ነው?
ሰው ገንዘብ አውጥቶ ሳል ይሰማል ያለው ማን ነው?»

ሐዋ ከፋርማሲ ተረኝነት ወጥታ፣
ነጩን ጋውን ሳታወልቅ፣ ብርዱን ተከናንባ መጥታ፣
«ወላሂ ሳሉ ነው እኔን የያዘኝ» ትላለች።
«አንዲት ሴት አለች፣ በየሳምንቱ ትመጣለች፣
ዋጋውን ትጠይቅና፣ ሳሏን በመዳፏ ይዛ፣
'ነገ እመለሳለሁ' ትለኛለች፣ አንድም ቀን ሳትገዛ።
ዘፋኙ አላጋነነም። እኛ ነን የምናሳንስ፤
ሁሉም በልኩ ቢጮህ፣ ደሴ አትተኛም እስኪነጋ ድረስ።»

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣
አባትየው ሲቆጣ ከበሮው መሳቁ ነው የገዛኝ።
ቁጣ ሲሳቅበት ሰምቼ አላውቅም።
በኛ ቤት ቁጣ ይከበራል፤ አይነካም፣ አይታለፍም።

ዋናው ጠባችን ግን ሰባተኛው ላይ ነው፤
ሰባተኛው ዘፈን፣ ዘፈን የሌለው ነው።
ሁለት ደቂቃ ተኩል ሲጢጥ የሚል ነገር፣
ኮቴ፣ አንድ፣ ሁለት። ከዚያ ዝም። ይኸው ነበር።
እንድሪስ «ፋይሉ ነው፣ ስገለብጠው ተበላሽቶ»
ብሎ ነበር ድሮ፤ በሌላ ፍላሽ አምጥቶ
ከፈተው። ያው ሲጢጥ። ያው ኮቴ።
ይመር፦ «ገንዘብ አልቆባቸው ነው፣ በሞቴ!»
ሐዋ፦ «ሙሽራዋ ሞተች፤ መጋረጃው ሲዘጋ ነው።»
እንግዲህ ከሞተች፣ ስምንተኛውን ማን ሊዘፍነው ነው?

ጋሽ ቢያድግልኝ ያን ማታ ሬዲዮውን በፌስታል
ጠቅልሎ ገብቶ ነበር፣ «ባትሪው ጨርሶ ይሆናል»
እያለ። ማንም ልብ አላለው። በኪነት ዘመን፣
አዳራሹ ሲሞላ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ምሽት በምሽት፣
መጋረጃ ሳቢ ነበር። ለማን ይጨበጨባል
ገመድ ለሚስብ?

ሰባተኛው ጀመረ።
ሽማግሌው ሬዲዮውን መሬት አስቀመጠ፣
እጆቹን አነሳ፣ አንዱን ከአንዱ አስበለጠ፣
አየር ላይ ገመድ ያዘ። ሳበ። ቆመ። ሳበ።
መዳፉ ላይ ያለው ጠባሳ እንደ አፍ ተከፍቶ ታየ።

«ዘይት ያልቀመሰ መዘውር ነው» አለን፣ «ግን አልተዘጋም።
ሲዘጋ ጥድፊያ ነው፤ ሳቢው እራት ይናፍቃል፣ አይቆምም።
ሲከፈት ግን ይፈራል። ትንሽ ስቦ ያዳምጣል፣
ሰው ይኖር ይሆን ከወዲያ ብሎ። ስሙት... ቆመ።
መክፈቻ ነው ልጆች። ገና ሊጀምሩ ነው።»

«እና እስካሁን የሰማነው?» አለ ይመር።
«እሱማ ከመጋረጃ ኋላ ነዋ። ሲለባበሱ።»

ሐዋ የጋውኗን ቁልፍ አንድ በአንድ ፈታች፣
ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ መልሳ ቆለፈች።
ይመር ምንም ሳይናገር በርጩማውን ለቀቀ፤
በሁለት ዓመት ውስጥ፣ የመጀመሪያው።

ስምንተኛው ሊነሳ ሲል መብራት ሄደ።
ማንም ስልኩን አላበራም።
ሽማግሌው በጨለማው እጁን ያወረደ አልመሰለኝም፤
የጃኬቱ ክንድ ሲንሿሿ ይሰማኛል፣ ቀስ፣ ደግሞ ቀስ፣
እና በሩ ተገፋ፣ ማንም ሳይነካው፣
ቲኬት እንደሌለው ሰው አንገቱን ደፍቶ
ጉሙ ገባ።